ምዕራፍ አምስት፦ ከክሩ መጀመር

ቤቱ ውስጥ ሽመና መሞከር ያማረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዕቃው ነው። ስንት ያወጣል? ምን ያህል ቦታ ይይዛል? ጉድጓድ ሳይቆፈር ይሆናል ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ወደ ምዕራፉ መጨረሻ ይመጣል። እኔ ግን ነገሩን ከሌላኛው ጫፍ፣ ከክሩ እጀምራለሁ። በእንዝርት አንድ ክንድ ክር ፈትሎ የሚያውቅ ሰው ጨርቅ የሚያይበት ዓይኑ ይለወጣል። ጋቢ በታጠበ ቁጥር ለምን እየለሰለሰ እንደሚሄድ፣ ሹራብ ሲስቡት ለምን እንደሚለጠጥና አንሶላ ለምን እንደማይለጠጥ፣ ገና ያልተለማመደ ሰው የሠራው ጨርቅ ወገቡ ላይ ለምን እንደሚጠብ፣ ሁሉም የሚገለጠው ከዚያች አንድ ክንድ ክር ነው። ፈትል ሳያውቁ ሽመና መማር ይቻላል፤ ብዙ ሰውም የሚማረው እንደዚያ ነው። ደስታው ግን ግማሽ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ጥጥ የፍሬ ፀጉር ነው። ከእያንዳንዱ የጥጥ ፍሬ ቆዳ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን ፀጉሮች ይበቅላሉ፤ አንዱ ፀጉር ብቻውን የረዘመ አንድ ሕዋስ ነው። በብዛት በሚመረተው የጥጥ ዓይነት ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ፀሐይ እስኪያገኘው ድረስ ፀጉሩ ውስጡ እርጥበት ያለው ቱቦ ነው። ሲደርቅ ቱቦው ይሟሽሻል፣ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍም ደጋግሞ ይጠማዘዛል። በዓይን የማይታየው ይህ ጥምዝምዝ ነው ጥጥን ልብስ ያደረገው። ፀጉሮቹ ቀጥ ያሉና ሙልጭ ያሉ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ያህል አጥረው ሲጎተቱ ተንሸራትተው በተለያዩ ነበር። ስለተጠማዘዙ ግን እርስ በርስ ይያያዛሉ። ፈታይዋ እንዝርቷን ስታሾር ይህንኑ መያያዝ ታጠብቀዋለች እንጂ ከባዶ አትፈጥረውም።

ከማሳ የመጣ ጥጥ ፍሬው አብሮት አለ። ፍሬውን ለማውጣት ይዳመጣል። በገጠር ቤት ጥጡ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተደርጎ ቀጭን የብረት ዘንግ ይሽከረከርበታል፤ ብረቱ ጥጡን ወደ ኋላው እያሳለፈ ፍሬውን ከፊቱ ይገፋዋል። የተዳመጠ ጥጥ ተጨምቆና ተቋጥሮ ስለሚወጣ ደግሞ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ገመድ በተመታ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ ቋጠሮውን ይፈታል፣ አቧራውንና ስብርባሪ ቅጠሉን ያረግፋል። የሚቀረው አየር የሞላው ባዘቶ ነው። ሰው ፈትል አስቸጋሪ ነው ብሎ የሚተወው አብዛኛውን ጊዜ ባዘቶው ክፉ ስለሆነበት ነው። ቋጠሮ የበዛበት ባዘቶ የሠለጠነ እጅ እንኳ ያደናቅፋል፤ በደንብ የተነደፈ ባዘቶ ግን ጀማሪንም ይረዳል።

ከተማ ያለ ሰው ጥጥ ሲያስብ ቶሎ የሚመጣለት ከፋርማሲ የሚገዛው ነው። ለፈትል አይመከርም። ቁስል ላይ ፈሳሽ እንዲመጥ ተብሎ የተፈጥሮ ሰሙ በፈላ ኬሚካል ታጥቦ ወጥቷል፤ ፀጉሮቹም ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ማበጠሪያ የተረፉ አጫጭሮች ናቸው። ሰሙ ሲጠፋ ፀጉሮቹ አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት ያቅታቸዋል፤ ክሩም ይጓጉላል፣ ይበጠሳል። መርካቶ ወይም ሽሮ ሜዳ ጥጥና ፈትል ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ የተዳመጠ ጥጥ ጠይቆ ጥቂት ገዝቶ መምጣት ይሻላል። ግማሽ ኪሎ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው፤ ጥጥ ቀላል ነውና ቤቱን ሲሞላው ይታያል።

እንዝርት ቤት ውስጥ ይሠራል። ቀጥ ያለና ሸካራነት የሌለው ቀጭን ዘንግ፣ ዘንጉ የሚያልፍበት መሐሉ የተበሳ ክብ እንጨት ወይም ቀንድ፣ ክሩ የሚያዝበት ጫፉ ላይ ትንሽ ቆልማማ ነገር፤ ያ ነው። ልብ መባል ያለበት ክብደቱ ነው። ከባድ እንዝርት ረጅም ጊዜ ይሾራል፤ ግን ቀጭን የጥጥ ክር አይሸከመውም፣ ይበጥሰዋል። ቀላል እንዝርት ክሩን አያስጨንቅም፤ ቶሎ ቶሎ መሾርን ግን ይጠይቃል። ለጥጥ ቀላሉ ይመረጣል። ክቡ መሐሉን ስቶ ከተበሳ እንዝርቱ እየተወዛወዘ ስለሚቆም ቀዳዳውን በጥንቃቄ መለካት ከሁሉም ይቀድማል።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ሥራው እንቅረብ። እንዝርቱ ላይ ቀድሞ የተፈተለ ትንሽ ክር ይታሰራል፤ የክሩ ጫፍ ባዘቶው ውስጥ ይገባል። ቀኝ እጅ እንዝርቱን ያሾራል፣ ግራ እጅ ባዘቶውን ይዞ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይርቃል። በጣቶቹና በእንዝርቱ መካከል ጥቂት ፀጉሮች ተከታትለው ይወጣሉ፤ ዙሩ ያገኛቸውና ክር ይሆናሉ። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚደነግጥበት ነገር ይከሰታል፦ ክሩ አንድ ቦታ ክር መስሎ፣ ሌላ ቦታ እንደ አባ ጨጓሬ ተነፍቶ ይወጣል። ብዙዎች በዚህን ጊዜ ሥራውን ያቋርጣሉ። ማቋረጥ አያስፈልግም፤ ክሩ ራሱን ሊያስተካክል ጀምሯልና።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዙር ሁልጊዜ ወደ ቀጭኑ ቦታ ይሮጣል፤ ቀጭን ነገር ለመጠምዘዝ ስለሚቀል። ወፍራሙ ቦታ ዙር ሳይደርሰው ላላ እንዳለ ይቆያል። ቀጭኑ ስለከረረ ይጠነክራል፣ ወፍራሙ ስላልከረረ አሁንም ይሳባል። ስለዚህ ፈታይዋ እንዝርቱን ትንሽ አዙራ ክሩን ሳብ ስታደርገው የሚቀጥነው ወፍራሙ ብቻ ነው። እሱ ሲቀጥን ደግሞ ዙሩ ወደ እሱ ይሄዳል። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ፈታይዋ አንድ እጇን ዝም ብላ ከፍ ዝቅ የምታደርግ ትመስላለች። እሷ ግን በእያንዳንዱ ከፍታ ላይ ጣቷ የሚነግራትን ትሰማለች፤ ይህኛው ገና ይሳባል፣ ያኛው ይበቃዋል፣ ይህ ሊከር ነው። ከልክ በላይ የከረረ ክር ሲላላ ራሱ ላይ ይጠመጠማል፤ በደንብ ያልከረረ ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ ይለያያል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ ማንም በቃል አስረድቶ አይጨርሰውም። እጅ ግን ያገኘዋል፤ ከሚጠበቀውም በላይ ቶሎ ያገኘዋል።

የፈትል ደስታ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ሰዎች ስለ እጅ ሥራ ሲያወሩ ሐሳብ ያሳርፋል፣ ጭንቀት ያስረሳል ይላሉ። አልክድም። ነገር ግን የሚያሳርፈው እጅ ሲሠራ አእምሮ ስለሚተኛ አይደለም። ትኩረት ሳይጨነቅ አንድ ቦታ ላይ ስለሚውል ነው። ክሩ ለተሠራው ሁሉ ወዲያው መልስ ይሰጣል፤ ጥሩ ከሳቡት ይቀጥላል፣ ቸኩለው ከሳቡት ይበጠሳል፣ ከተበጠሰም ጫፉን ባዘቶው ላይ ደርቦ በአንድ ዙር መቀጠል ይቻላል። ጥፋቱም እርማቱም ትንሽና ቅርብ ነው። በቀን ውስጥ ይህን ያህል ቶሎ የሚታረም ነገር ስንት አለን?

በዚያ ላይ ፈትል ወሬ አይከለክልም። የአገራችን ሴቶች እንዝርታቸውን ይዘው ቡና የጠጡበት፣ ለቅሶ ቤት የዋሉበት፣ ልጅ ያሳደጉበት ምክንያት ይህ ነው። ዓይን ከሰው ጋር፣ ጣት ከባዘቶው ጋር ሊሆን ይችላል። የተፈተለው በእንዝርቱ ላይ ይጠመጠማል፤ ሲሞላ ልቃቂት ሆኖ ይወጣል። ልቃቂቶቹ ሳጥን ውስጥ እየተጠራቀሙ ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ፤ ለልጅ ሠርግ ጋቢ የሚሆን ፈትል በአንድ ሳምንት አያልቅም።

የጋቢ ነገር ከተነሣ ዘንድ ስለ ሥራ ክፍፍሉ እናንሣ። በብዙው የኢትዮጵያ ክፍል ሴት ፈታይ፣ ወንድ ሸማኔ ሆኖ ኖሯል። ጥጡ ቤት ውስጥ ይፈተላል፣ ከዚያ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ብዙ ፈታይ ያስፈልገዋል፤ ፈትል ከሽመና ይልቅ እጅግ ብዙ ሰዓት ይበላል። ይሁንና ጋቢ ሲመሰገን የሚጠራው ብዙ ጊዜ ሸማኔው ነው። በቤተሰብ ውስጥ ብቻ ነገሩ ይገለበጣል፤ ልጅ እናቴ የፈተለችው ጋቢ ይላል እንጂ የሸማኔውን ስም አያነሣም። ሁለቱም ሊነሡ ይገባቸው ነበር።

ሸማኔውም ቢሆን ክብሩን በቀላሉ አላገኘም። የሽመና ሥራ ለረጅም ዘመን ከሚናቁ ሙያዎች ተቆጥሯል፤ ሙያተኞች በሥራቸው ይሰደቡ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ለዚህ ነው። ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ ወደ አዲስ አበባ የመጡ ሸማኔዎች ጉለሌንና ሽሮ ሜዳን የሽመና ሰፈር አድርገዋል፤ ዛሬ በበዓል ቀን አደባባይ ነጭ የሚያደርገው ልብስ ብዙው ከእነሱ እጅ የወጣ ነው።

ክፍፍሉ የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑን ማየት የፈለገ ወደ ደቡብ ጎንደር፣ ወደ አውራ አምባ ይሂድ። ዙምራ ኑሩ የመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ ሥራን የወንድና የሴት ብሎ አይከፍልም፤ ሴቶች ሸማኔ ዕቃ ላይ ይቀመጣሉ፣ ወንዶች ይፈትላሉ፤ መተዳደሪያቸውም በአመዛኙ ሽመና ነው። ቤቱ ውስጥ የሚሠራ የዛሬ ሰውም እንደዚያው ነው። ጥጡን ገዝቶ፣ ነድፎ፣ ፈትሎ፣ አድርቶ፣ ሸምኖ ጨርቅ ሲያወጣ በፊት በብዙ ሰው እጅ ያልፍ የነበረውን ሰንሰለት አንድ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይይዘዋል። ለገበያ የሚሠራ ሰው ይህን ማድረግ አያዋጣውም። ለደስታ የሚሠራ ግን ይችላል፤ እንዲያውም ትልቁ ዕድሉ ይህ ነው።

ጥጥ በዚህ አካባቢ አዲስ አይደለም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በኖባ ላይ ስለ መዝመቱ ባስቀረጸው ጽሑፍ ካወደማቸው ነገሮች መካከል የእህልና የጥጥ ክምችት ይጠቀሳል። ሠራዊት ከእህል እኩል ሊያጠፋው የሚገባ ሀብት ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዘመናት ሁሉ ክር የመጣው ከእንዝርት ነበር፤ የፋብሪካ ክር የእኛን ገበያ የሞላው ባለፉት መቶ ዓመታት ነው። ለምሳሌ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። የፋብሪካ ክር ሲመጣ ግን እንዝርት ከቤት አልጠፋም። ሸማኔዎች አንድ ብልህ መፍትሔ አገኙ፤ ድሩን ከፋብሪካ፣ ማጉን ከእጅ ፈትል አደረጉት።

ይህ ምርጫ የሽመናን ምሥጢር ግማሹን ይነግረናል። ድር በርዝመት ተወጥሮ የሚቀመጠው ነው፤ ማግ በአግድም የሚገባው። ድር በሽመናው ሁሉ ተወጥሮ ይቆያል፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ማጉ በተመታ ቁጥር ይፋተጋል። ስለዚህ ጠንካራ፣ የከረረና ወጥ መሆን አለበት። ማግ ግን አንዴ ገብቶ ይተኛል፤ ማንም አይጎትተውም። ለስላሳና ላላ ያለ ቢሆንም ይሆናል፤ እንዲያውም ቢሆን ይመረጣል፤ አየር የሚይዘው እሱ ነውና። ጋቢ ከአራት ድርብ የሚሠራው፣ ሙቀቱም ከብርድ ልብስ የማያንሰው በንብርብሩ መካከልና በእጅ ፈትሉ ውስጥ በታሰረው አየር ነው። በታጠበ ቁጥር የሚለሰልሰውም ላላ ያለው ማግ ቀስ በቀስ ስለሚፍታታ ነው። ጀማሪም ይህንኑ ይከተል፦ ለድር ጠንካራ የፋብሪካ የጥጥ ክር ይግዛ፣ ለማግ የራሱን ፈትል ይጠቀም። አባ ጨጓሬ የመሰለው የመጀመሪያ ክሩ እንኳ ማግ ሆኖ ሲገባ ያምራል።

እንግዲህ ወደ ዕቃው። የሸማኔ ዕቃ ከጉድጓድ ጋር ነው፤ ሸማኔው አፋፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ይልካል፣ በእግሩ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፣ በእጁ መወርወሪያውን ይሰድዳል። መወርወሪያው ውስጥ ማጉ የተደወረበት ቀሰም አለ። ይህን ሁሉ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ማስገባት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ለመጀመር የሚበቃው አራት ማዕዘን የእንጨት ፍሬም ነው፤ አሮጌ የፎቶ ፍሬም ጭምር ይሆናል፣ 40 በ50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ። በላይኛውና በታችኛው እንጨት ላይ ትናንሽ ምስማሮች በግማሽ ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይመታሉ፤ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ምስማሮቹን አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርጎ መምታት ይበጃል።

ድር ማድራቱ ከዚህ ይቀጥላል። ክሩ የመጀመሪያው ምስማር ላይ ታስሮ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ እያለ እስከ ዳር ይሄዳል። ፍጥነት እዚህ ቦታ የለውም። አንዱ ክር ላላ፣ ሌላው ጠበቅ ካለ ጨርቁ ማዕበል ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት ጥበብ አያስተካክለውም። ሲያልቅ በመዳፍ ላዩን ዳበስ ማድረግ ነው፤ መዳፍ የላላውን ክር ከዓይን ቀድሞ ያገኘዋል። ቀጥሎ ጠፍጣፋ እንጨት፣ ማስመሪያም ይሁን፣ አንዱን ክር ከላይ፣ አንዱን ከታች እያደረገ በድሩ መካከል ይገባል። እንጨቱ በጠርዙ ሲቆም የክሮቹ ግማሽ ይነሣል፣ መንገድ ይከፈታል፣ ማጉ ክር በክር መልቀም ሳያስፈልግ በአንዴ ያልፋል። ለቀጣዩ መስመር የሚያስፈልገው የቀሩት ክሮች መነሣት ነው፤ እያንዳንዳቸው በትንሽ የክር ቀለበት ታስረው ቀለበቶቹ በአንድ ዘንግ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ዘንጉ ሲሳብ ይነሣሉ። የጉለሌው ሸማኔ በእግሩ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የእሱ እጅ ግን ነፃ ይሆናል፤ ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

አሁን ጨርቁ ወገቡ ላይ ለምን ይጠባል ወደሚለው እንመለስ። ማግ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በአንዱ ድር ላይ ይወጣል፣ ከሚቀጥለው ሥር ይገባል። ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ ከጨርቁ ስፋት የሚበልጥ ርዝመት ያስፈልገዋል። ጀማሪ ማጉን ወጠር አድርጎ በቀጥታ ካስተኛው፣ የጎደለውን ርዝመት የሚያመጣው ዳርና ዳሩን ወደ ውስጥ በመሳብ ነው። መፍትሔው ማጉን ቀስት አስመስሎ፣ መሐሉን ከፍ አድርጎ መተው፣ ከዚያ በሹካ ከመሐል ወደ ዳር እየጠቀጠቁ ማውረድ ነው። ቀስቱ ትርፍ ርዝመቱን ይሰጣል። ዳሩ ላይ ክሩ ሲዞር ደግሞ የመጨረሻውን ድር መንካት እንጂ መጎተት የለበትም። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው ሌላውን ሁሉ እየሠራ ይደርስበታል።

ጥለት የሚያምረው ሰው ብዙ መጠበቅ አይኖርበትም። የነጠላና የቀሚስ ጥለት የሚሠራው ከመሠረቱ ማግ በተጨማሪ ሌላ ባለ ቀለም ማግ በማስገባት ነው፤ ባለ ቀለሙ ቢወጣ ጨርቁ ሳይጎድል ይቀራል። ሸማኔው ድሩን በጣቱ ይቆጥራል፦ ሦስት ያነሣል፣ አንድ ይተዋል፣ ቀለሙን ያሳልፋል፤ ቀጥሎ በመሠረቱ ማግ አንድ መስመር ይሸምናል፣ ጥለቱ እንዳይላላ። በፍሬም ላይ በመርፌ ይህንኑ ማድረግ ይቻላል። የካሬ ወረቀት ላይ ንድፉን ቀድሞ መሳል ጠቃሚ ነው፤ አንዱ ካሬ አንድ ድር።

ሽመና ሁሉን ሰው አይስብም፤ ክርን የወደደ ሰው ግን ሌላ በር አያጣም። ስንቱ ሳሎን ውስጥ ነው ሶፋው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል ያልተነጠፈበት? ዳንቴል በአንዲት ኪሮሽና በአንድ ክር ይሠራል፤ ቀለበት በቀለበት ውስጥ እያለፈ። ፍሬም አይፈልግም፣ ታክሲ ውስጥም ይሠራል፣ ከተሳሳቱም ክሩን ስበው ወደ ስሕተቱ ድረስ መፍታት ነው። ሹራብም የቀለበት ሥራ ነው። ቀለበት ሲጎተት ቅርጹን ስለሚለውጥ ሹራብ ይለጠጣል፤ የተሸመነ ጨርቅ ግን ድሩም ማጉም ቀለበት ሳይሠሩ ከዳር እስከ ዳር ስለሚሄዱ በዲያጎናል ካልተሳበ በቀር አይለጠጥም።

ከሱፍ መጀመር የሚፈልግ ቢኖር ይቀለዋል። የበግ ፀጉር ከጥጥ ይረዝማል፣ ላዩም ቅርፊት ቅርፊት ስላለው በቀላሉ ይያያዛል፤ ብዙ ሳይከርም ክር ይሆናል። የመንዝ ሰው ከበጎቹ ፀጉር በርኖስና ባና ሲሠራ የኖረው ብርዱ ስላስገደደው ብቻ አይደለም፤ በጉም እዚያው ስላለ ነው። ሱፍ በሙቅ ውኃና በሳሙና ሲታሽ ቅርፊቶቹ ስለሚቆላለፉ ይጠብቃል፣ ይወፍራል፣ ውኃም በቀላሉ አያልፈውም። ሹራቡን ሳያውቅ በፈላ ውኃ ያጠበ ሰው የሚያየው መጨማደድ ይኸው ነው፤ መንዞች ጥቅም ላይ ያዋሉት ጠባዩን ነው።

ስፌትን ከዚህ ቤተሰብ ማስወጣት አልፈልግም። ሰፌድና መሶብ ክር ባይሆኑም አሠራራቸው ቃጫ ለቃጫ ነው። ስንደዶው ተሰብስቦ ልብ ይሆናል፣ አክርማው ይጠመጠምበታል፣ በወስፌ እየተበሳ ካለፈው ዙር ጋር ይሰፋል። አክርማው የተነከረ እንደሆነ አለላ ነው፤ ቀለሙ ሲለዋወጥ ንድፉ ይወጣል። ሊሠሩበት ሲሉ ሣሩን ማርጠብ የግድ ነው፤ ደረቁ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ እርጥቡ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ ደግሞ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ሐረር ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ስፌቶች ይህ ሙያ የት ሊደርስ እንደሚችል ያሳያሉ። እኔ ለጀማሪ መሶብ አልመክርም፤ ትንሽ የቡና ቁርስ ማቅረቢያ ይበቃል።

ማቅለምም ወጥ ቤት ውስጥ ይሞከራል። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ተቀቅሎ ውኃው ተጠልሎ፣ በሽብ የተዘፈዘፈ የሱፍ ክር ሲገባበት ከቢጫ እስከ ብርቱካናማ ያወጣል። ሽቡ ቀለሙን ከቃጫው ጋር የሚያገናኘው ነው፤ ያለ እሱ ቀለሙ በእጥበት ይሄዳል። ጥጥ ግን ሽብን እንደ ሱፍ አይቀበልም፤ መጀመሪያ ታኒን ባለበት ነገር፣ ለምሳሌ በጠቆረ የሻይ ውኃ መዘፍዘፍ አለበት፣ ከዚያ ሽቡ ይከተላል። ለዚህ የዋለ ድስት ዳግመኛ ምግብ ባይሠራበት ይመረጣል።

በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በስቶክሆልም አፓርታማ የሚኖር አንባቢ ይህን ሁሉ ማድረግ ይችላል። ጋቢውን ከአገር በሻንጣ ያስመጣ ሰው ዳሩ ሲተረተር ማንም እንደማይጠግንለት ያውቃል። እዚያው ፍሬም ላይ ሽመና የለመደ እጅ ግን ድሩን ተከትሎ በመርፌ መልሶ ሊሸምነው ይችላል። ልጆችም ከቋንቋ ይልቅ ቀድመው የሚይዙት ነገር ብዙ ጊዜ የእጅ ሥራ ነው፤ ጎኑ ላይ ተሰንጥቆ ድር የተጠመጠመበት ካርቶን ለአምስት ዓመት ልጅ በቂ ዕቃ ነው።

የመጀመሪያው ጨርቅ ሲያልቅ ድሩ ከምስማሮቹ ወጥቶ ወይም ተቆርጦ አራት አራቱ ክር አንድ ላይ ይቋጠራል፤ ማጉ እንዳይተረተር የሚይዘው ቋጠሮው ነው። ጨርቁ ግን ገና አላለቀም። ከፍሬሙ እንደወረደ ክሮቹ ተለያይተው የቆሙ ይመስላሉ፣ ወንፊት ይመስላል። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ በጥቂት ሳሙና ሲታጠብ ጥጡ ይነፋል፣ ድርና ማጉ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ፣ ክፍተቱ ይጠብባል። ተዘርግቶ ሲደርቅ ርዝመቱም ስፋቱም ከበፊቱ ቀንሶ ይገኛል። ስለዚህ ከመታጠቡ በፊትና በኋላ መለካት፣ ልዩነቱንም ከክሩ ትንሽ ናሙና ጋር ደብተር ላይ ማስቀመጥ ይገባል፤ ለሁለተኛው ጨርቅ ስንት ድር እንደሚደራና ፍሬሙ ምን ያህል መስፋት እንዳለበት የሚወሰነው በዚያ ልዩነት ነው።